«መሠረትስ?»፦ ለአንዲት የአየር ጤና ልጅ የዘገየ መልስ

አየር ጤና ላይ የምሠራበት ክሊኒክ ከጅማ መንገድ ብዙ አይርቅም። ጠዋት በሩን ሳንከፍት በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ ልጆች ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሰበታ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ መንገዱ በታክሲ ሳይጨናነቅ ተመልሰው ትምህርት ቤት ለመድረስ ይጣደፋሉ። ከእነዚህ አንዷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅልጥሟን አሟት ከእናቷ ጋር መጣች። ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም። የሁለት መቶ ሜትር ሯጭ መሆኗን ብቻ ልናገር፤ እሷም ይህን በኩራት ነው የነገረችኝ።

እግሯን አየሁ፤ ጫን ስል የሚያማትን ቦታ ለየሁ፤ ዕረፍትና ማስታገሻ አዘዝኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ማዘዣውን እየጻፍኩ «ለምን ረጅም ርቀት አትሞክሪም? የእኛ ሰው እኮ ለአጭር ርቀት አልተፈጠረም። ጡንቻችንም አየራችንም አይደለም» አልኳት። እናትየው «እኔም ይኸንኑ ነው የምላት ዶክተር፣ አልሰማ አለችኝ እንጂ» አሉ። ልጅቷ ጥቂት አቀርቅራ ቆየችና ቀና ብላ፣

«ዶክተር፣ መሠረትስ?» አለችኝ።

«የቷ መሠረት?»

«መሠረት ደፋር። እሷ በምንድን ነው የምታሸንፈው? መጨረሻ ላይ በፍጥነት አይደለም እንዴ?»

ሳቅኩ። የሳቅኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። የማኅበራችን የመጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል «ከታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው የመሠረት ደፋርን የሩጫ ዘመን ታሪክ ነው፤ ግን እንደ ፈጣን ሯጭ፣ እንደ መጨረሻው ዙር ባለቤት ላየው እፈልጋለሁ። ዓመታቱን የውድድር መዝገቦች በሚጠቀሙበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የእኛን ስጠቀም ዓ.ም. ብዬ አመለክታለሁ።

«አልተፈጠርንም» ያልነው ነገር

መጀመሪያ የራሴን አባባል ልመርምር። «አየራችን አይደለም» ብያለሁ። ይህ ተራ ስህተት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ1968ቱ ኦሊምፒክ እዚያ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ፣ ሊ ኢቫንስ 400 ሜትርን በ43.86 ሰከንድ ሮጡ፤ ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰኖች ነበሩ። የሳሳ አየር ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው ኦክስጅን ያሳንስበታል፤ አሥርና ሃያ ሰከንድ ለሚሮጥ ግን ደረቱን የሚገፋውን ንፋስ ያቀልለታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲም ትንሽ ከፍ ትላለች። በአየር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአጭር ርቀት መንደር መሆን የነበረብን እኛ ነን።

በዚያው በሜክሲኮ ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ ግን በማራቶን አልጀመረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትር እና አራት በአራት መቶ ዱላ ቅብብል ነበር። የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ቡድናችን ዱላ ቅብብል ነበረው ማለት ነው። ይህን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

«ጡንቻችን አይደለም» የሚለውስ? ፊዚዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ የእንቁራሪት ጡንቻ በኤሌክትሪክ እየነካን የተማርነውን አስታውሱ። ዝግተኛ ክሮች አሉ፤ ለረጅም ሰዓት ይሠራሉ፣ ቶሎ አይደክሙም። ፈጣን ክሮች አሉ፤ በኃይል ይኮማተራሉ፣ ቶሎ ይዝላሉ። የሁለቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ውርስ ድርሻ አለው፣ ልምምድም ድርሻ አለው። በፈጣን ክሮች ውስጥ የሚገኘውን አንድ ፕሮቲን የሚመለከት ኤሲቲኤን 3 የተባለ ዘረመል አለ፤ አንድ ሰሞን «የፍጥነት ዘረመል» ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። በኢትዮጵያና በኬንያ ሯጮች ላይ በ2007 የታተመ ጥናት ግን የእኛ ሯጮች ስኬት ከዚህ ዘረመል ጋር የተያያዘ ሆኖ አላገኘውም። ስለ አንድ ዘረመል ይህን ያህል ካልተቻለ፣ አንድን ሕዝብ በሙሉ «አልተፈጠረም» የሚያሰኝ ማስረጃ በእጄ አልነበረም። በክሊኒኬ ወንበር ተቀምጬ የተናገርኩት ሕክምና አልነበረም፤ ሰፈር ውስጥ የምንባባለውን ነው ነጭ ገዋን አልብሼ የደገምኩት።

ይልቅስ በዓይናችን ያየነው ሌላ ነገር ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሲያሸንፍ ዓለም ያስታወሰው ጽናቱን ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ እንደ መኪና ፍጥነቱን ሲለውጥ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ለዚህ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ኤላና ማየርን ተከትላ ቆይታ ጥላት የሄደችው ሊያልቅ ሲል ነው፤ 31:06.02 ገብታ ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እነዚህን ሁሉ «ረጅም ርቀት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን አስቀመጥናቸው። ድሉ የተቆረጠው ግን በአጭሩ ርቀት ላይ ነበር። ይህን ጥበብ በሴቶች 5,000 ሜትር የሥራዋ ሁሉ ማዕከል ያደረገችው መሠረት ናት።

ከኪንግስተን እስከ አቴንስ

መሠረት ደፋር በ1983 አዲስ አበባ ተወለደች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታላላቅ ሯጮቻችን በብዛት ከአርሲና ከሸዋ ገጠር እንደሚመጡ፣ ብዙዎቹም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር በ2003 የታተመ ጥናት ጭምር ያሳያል። መሠረት ግን የከተማ ልጅ ናት። እንደ እኛ ሰፈር ልጆች አስፋልትና ጭስ የምታውቅ።

በ2000 ሳንቲያጎ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ብር ስታገኝ ገና 16 ዓመቷ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሻምፒዮናው ጃማይካ፣ ኪንግስተን ገባ፤ መሠረት 3,000 እና 5,000 ሜትርን ሁለቱንም አሸነፈች። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መም ላይ፣ አንድ የ15 ዓመት የአገሩ ልጅ 200 ሜትርን አሸንፎ ስታዲየሙን አናወጠው፤ ስሙ ዩሴን ቦልት ይባላል። የእኛ ልጅ በፍጥነት አገር ሁለት ወርቅ ወስዳ ስትመለስ እኛ ግን ያየነው ርቀቱን ብቻ ነው።

ወደ ትልልቆቹ ስትገባ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። በ2003 በርሚንግሃም ላይ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር ነሐስ አገኘች። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ግን ከ5,000 ሜትር ማጣሪያው አላለፈችም፤ ፍጻሜውን ያሸነፈችው ጥሩነሽ ዲባባ ነበረች፣ በ18 ዓመቷ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት አንዷን ሳያነሱ ሌላዋን ማንሳት የማይቻልበት ታሪክ ተጀመረ። በአቡጃው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች መሠረት 5,000 ሜትርን አሸንፋ ያን ዓመት ዘጋችው።

ነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቴንስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ እኔ ኢንተርን ነበርኩ። የሴቶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ ማታ ነበር፤ ተረኛ ነኝ። ነርሶቹ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ነርሱም፣ ጽዳት ሠራተኛዋም፣ ከበሽተኞቻቸው ጎን ተነሥተው የመጡ አስታማሚዎችም በሯ ላይ ተደራርበን ቆምን። እኔ ግማሽ ጆሮዬን ለዋርዱ አድርጌ ነው የማየው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አበይለገሠ መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱን አጠበቀችው፤ በኋላ ግን ወደ ኋላ ቀረች። መጨረሻ ላይ የተረፉት መሠረት፣ ኬንያዊቷ ኢዛቤላ ኦቺቺና ጥሩነሽ ነበሩ። መሠረት 14:45.65 ገባች፤ ኦቺቺ 14:48.19፣ ጥሩነሽ 14:51.83። አንዲት አስታማሚ እልል ሲሉ ሲስተር «ኧረ በሽተኛ አለ!» ብላ እሷም አብራ እልል አለች።

ያን ጊዜ ያላሰብኩትን ዛሬ ልቁጠረው። 14:45 ማለት እያንዳንዱን 400 ሜትር በአማካይ በ71 ሰከንድ ገደማ መሮጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል። ይህን እየሮጠች ደወሉ እስኪደወል ፈጣን ጡንቻዋን ሳታባክን የምትደርስ ሴት ናት የምታሸንፈው። ሰውነታችን ሦስት ዓይነት ማገዶ እንዳለው ተምረናል። የመጀመሪያው በጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ክሬቲን ፎስፌት ነው፤ አሥር ሰከንድ ገደማ ያገለግላል። ሁለተኛው ስኳርን ያለ ኦክስጅን መሰባበር ነው፤ ብዙ ኃይል ይሰጣል፣ ዋጋውን ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያስከፍላል። ሦስተኛው በኦክስጅን የሚነደው ዘላቂው ማገዶ ነው። የመቶ ሜትር ሯጭ ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ከመስመሩ ጀምራ ታነዳለች። መሠረት ደግሞ አሥራ አንድ ዙር በሦስተኛው ሮጣ፣ ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ሳትነካ ጠብቃ፣ መጨረሻ ላይ ታቀጣጥላቸዋለች። በእኔ አስተያየት ይህ አጭር ርቀት ነው፤ የመነሻ መስመሩ ብቻ ነው 4,600 ሜትር ወደ ፊት የተገፋው።

ሰዓትና ሜዳሊያ

ከአቴንስ በኋላ ያለው ዘመን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሰዓት ነው። ሰኔ 3 ቀን 2006 ኒው ዮርክ፣ ራንዳልስ ደሴት ላይ ባለው አይካን ስታዲየም 5,000 ሜትርን በ14:24.53 ሮጣ የኤልቫንን ክብረ ወሰን በ15 የሰከንድ መቶኛ አሻሻለች። (በነገራችን ላይ ቦልት የመጀመሪያውን የ100 ሜትር ክብረ ወሰኑን ያስመዘገበው ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ስታዲየም ነው።) በዓመቱ ኦስሎ ላይ 14:16.63 ገባች፤ ወደ ስምንት ሰከንድ የሚጠጋ ቀነሰች። በዚያው 2007 ብራስልስ ላይ ሁለት ማይልን በ8:58.58 ጨርሳ ርቀቱን ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦሳካ ላይም በዝግታ የተጀመረውን የ5,000 ሜትር ፍጻሜ በ14:57.91 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ሁለተኛ የወጣችው ቪቪያን ቼሪዮት 14:58.50 ነበር የገባችው።

በዓመቱ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር የዓመቱን ኮከቦች ሲሸልም ከወንዶች ታይሰን ጌይ ተመረጠ፤ በኦሳካ 100 እና 200 ሜትርን የወሰደው አሜሪካዊ። ከሴቶች የተመረጠችው መሠረት ደፋር ናት። የዓለም ፈጣኑ ወንድና የእኛ ልጅ በአንድ መድረክ! ያን ዕለት የአየር ጤናዋ ልጅ ገና አልተወለደች ይሆናል፤ ጥያቄዋ ግን በዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ነበር።

ሁለተኛው መልክ የሜዳሊያ ነው፤ እዚህ መሠረት ሁልጊዜ አላሸነፈችም። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ኢትዮጵያውያት ከአንድ እስከ አራት ተከታትለው ሲገቡ ጥሩነሽ 14:38.59፣ መሠረት 14:39.54 ነበሩ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ቡና ቤቱ «የጥሩነሽ» እና «የመሠረት» ሆነ። በሰኔ 2008 ጥሩነሽ ክብረ ወሰኑን ኦስሎ ላይ በ14:11.15 ወሰደችው። መሠረት በሐምሌ ስቶክሆልም ላይ ሞክራ 14:12.88 ገባች፤ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ አመለጣት። ቤጂንግ ላይ ደግሞ ማንም ሊመራ ያልፈለገበት ሩጫ ሆነ። አሸናፊዋ ጥሩነሽ የገባችው 15:41.40 ነው፤ ይህም በዙር 75 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። ኤልቫን ሁለተኛ፣ መሠረት በ15:44.12 ሦስተኛ ወጡ። ከዓመታት በኋላ የኤልቫን ውጤት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሲሰረዝ የመሠረት ነሐስ ወደ ብር ተለወጠ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ግን የ2009 በርሊን ነው። መሠረት 10,000 ሜትር ገባች። በመጨረሻው ዙር ቀድማ ወጣች፤ ወርቁ በእጇ የገባ መሰለ። ወደ ማብቂያው ቀጥታ ስትታጠፍ ግን እግሮቿ እምቢ አሉ። ሊኔት ማሳይ፣ መሰለች መልካሙ፣ ውዴ አያሌው አለፏት፤ አምስተኛ ሆነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እንደ ሐኪም ሳየው ግን ማገዶው ማለቁ ነው፦ ሁለተኛው ማገዶ የሚያስከፍለው ዋጋ ከመስመሩ በፊት ደረሰ። እንዲህ ያለ ውድቀት የሚደርሰው ፍጥነት ባላት ሰው ላይ ነው። ፍጥነት የሌላት ቀድሞውንም አትሞክረውም። በዚያው ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኘች፤ በ2011 ዳጉ ላይም እንዲሁ፤ ሁለቱንም ወርቆች የወሰደችው ቼሪዮት ነበረች። መሠረት በበኩሏ ከ2004 እስከ 2010 በቤት ውስጥ የ3,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮናን አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዳለች፤ ቡዳፔስት፣ ሞስኮ፣ ቫሌንሲያ፣ ዶሃ። እዚያ መሙ 200 ሜትር ብቻ ነው፤ መዞሪያው ጠባብ፣ ቀጥታው አጭር፤ ፍጥነት መለወጥ ለማይችል ሰው ቦታ የለውም።

ለንደን፣ 2012። ጥሩነሽ ከሳምንት በፊት 10,000 ሜትርን በ30:20.75 አሸንፋለች፤ ሁለተኛ ወርቅ ትፈልጋለች። ቼሪዮት የዓለም ሻምፒዮን ናት። መሠረት ከአቴንስ ስምንት ዓመት አልፏታል፤ ብዙ ሰው «አልቆላታል» ብሏል፣ እኔም ሳልል አልቀረሁም። በመጨረሻው ዙር ጥሩነሽ መራች። መሠረት አልቸኮለችም፤ በርሊን አስተምሯታል። የማብቂያው ቀጥታ ላይ ወጣ ብላ አለፈች፤ 15:04.25። ቼሪዮት 15:04.73፣ ጥሩነሽ 15:05.15። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለው አንድ ሰከንድ አይሞላም፤ ከመሠረትና ከቼሪዮት መካከል ሦስት ሜትር ገደማ ቢኖር ነው። ከመለያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ለዓለም አሳየችና አለቀሰች። የሴቶች 5,000 ሜትር ኦሊምፒክ የገባው በ1996 ነው፤ እስከ ዛሬ ይህን ወርቅ ሁለት ጊዜ የወሰደች ሴት መሠረት ብቻ ናት። በዓመቱ ሞስኮ ላይ በ14:50.19 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

በ2014 ወለደች። ከወሊድ በኋላ ተመልሳ በ2016 ፖርትላንድ ላይ በቤት ውስጥ 3,000 ሜትር ከገንዘቤ ዲባባ ቀጥላ ብር አገኘች። ለሪዮ ኦሊምፒክ ግን በቡድኑ ውስጥ አልነበረችም። ብዙዎቻችሁ አዋላጆችና የማህፀን ሐኪሞች ናችሁ፤ አንዲት ሴት ከወለደች በሁለት ዓመት ውስጥ ከዓለም ሁለተኛ ሆና ስትገባ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ያልጠየቅኩት ጥያቄ

አሁን ወደ አየር ጤናዋ ልጅ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዕዳ ያለብኝ ለእሷ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ሕመሙ ብሶባታል። በዚህኛው ቀን እናቷ ውጭ ሆነው ጠበቁን። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት፦ «ምን ትበያለሽ? የወር አበባሽስ?» ጠዋት ሻይ በባዶ፣ ቀን ከተገኘ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር የተገኘውን። ሁለት ጊዜ ልምምድ። የወር አበባዋ ከቆመ ሰባት ወር አልፎታል፤ «ሯጮች ሁሉ ይቆምባቸዋል» ተብላ ደስ ብሏት ነበር። ምርመራ አዘዝኩ፤ ደሟ ዝቅ ያለ፣ የቅልጥሟ አጥንት ላይ ስንጥቅ የጀመረ።

የምትበላው ከምታወጣው ኃይል ሲያንስ ሰውነት መጀመሪያ የሚዘጋው መውለጃውን ነው። ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፤ የሳሳ አጥንት በአስፋልት ላይ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ሰፋ ያለ ስያሜ ሰጥቶ ሐኪሞች በጊዜ እንዲለዩት መመሪያ አውጥቷል። እኔ ግን መመሪያም ሳያስፈልገኝ በሦስተኛ ዓመት ትምህርቴ ባወቅኩት ነገር ልለየው እችል ነበር። አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው። በጥያቄው ፋንታ «አልተፈጠርሽም» አልኳት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ የመንግሥትም፣ የአሠልጣኝም፣ የእናትየዋም አይደለም።

«ረጅም ርቀት ሞክሪ» ያልኩት ምክርም ራሱ አደገኛ ነበር። አጥንቷ የተሰነጠቀን ልጅ ብዙ ኪሎ ሜትር እንድትሮጥ ነበር የመከርኳት። «የእኛ ሰው እንዲህ ነው» ብለን ስንጀምር ፊታችን የተቀመጠችውን ሰው ማየት እናቆማለን። ይህ በሩጫ ብቻ አይደለም፤ በየክፍላችን የሚደርስ ነገር ነው፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ምሳሌ እናውቃለን።

በአጭር ርቀት ብዙ ስም ለምን እንደሌለን እኔ ስታዲየም ገብቼ አልመረመርኩም። በዓይኔ የማየውን ግን እላለሁ። ጠዋት የማያቸው ልጆች የሚሮጡት በአስፋልት ዳር ነው። አስፋልት ላይ ረጅም መሮጥ ይቻላል፤ የመነሻ ብሎክ ተክሎ 200 ሜትር በሙሉ ኃይል መሮጥ አይቻልም። ፍጥነት መም ይፈልጋል፣ ጫማ ይፈልጋል፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፣ በቂ ምግብ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ጎድለው ሳለ ጉድለቱን በጡንቻችን ላይ ማላከክ ይቀልላል፤ ጡንቻ በጀት አይጠይቅማ።

ደግሞ አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ቀድሞ 400 ሜትር ትሮጥ የነበረችው ጽጌ ድጉማ በ2024 መጀመሪያ ግላስጎ ላይ በ800 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ1:57.15 ብር አገኘች። ከፍጥነት ጀምሮ ወደ ርቀት የወጣ መንገድ ነው፤ ከመሠረት በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ፣ ግን እዚያው የሚገናኝ።

ልጅቷ ስድስት ወር አረፈች። ምግቧን አስተካከልን፤ እናትየው ሲገባቸው ዕንቁላሉን ከሌሎቹ ልጆች እየደበቁ ይሰጧት እንደነበር ነግረውኛል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መጀመሪያ የወር አበባዋ ተመለሰ፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያ ሩጫ። ዛሬም አጭር ርቀት ትሮጣለች። ሜዳሊያ የላትም፤ ይኑራት አይኑራት የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ አጥንቷ ነው።

ለመምህራኖቻችንና ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። የምትሮጥ ልጅ ክፍላችሁ ስትገባ፣ ቅልጥሟን ከመንካታችሁ በፊት ምን እንደምትበላና የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠይቁልኝ፤ ለተማሪዎቻችሁም አስተምሩልኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየሰፈራችሁ በወር አንድ ቅዳሜ ለሚሮጡ ልጆች ጊዜ መስጠት የምትችሉ ካላችሁ፣ በበዓሉ ዕለት ፈልጉኝ፤ አየር ጤና ላይ ቦታ አለ።

ልጅቷ ባለፈው ለክትትል ስትመጣ ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ መሆኔን ነገርኳት። «ያኔ የጠየቅሽኝን አሁን መለስኩት» አልኳት።

«ምን ብለው?»

«በፍጥነት ነው የምታሸንፈው ብዬ።»

«እሱንማ እኔም ነግሬዎት ነበር፣ ዶክተር» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ልምምድ ነበረባት።